መንገዱ ለምን ይጠመዘዛል?

አዲስ አበባ ዳር ያለው የሰፈሬ መንገድ በሰው ስም ነው የሚጠራው። የታክሲ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ይጮኸዋል። ሰውየው ማን ነበሩ ብዬ ስጠይቅ ግን አንዱ አርበኛ አላቸው፣ ሌላው ደጃዝማች። እኔም አርበኛ ስፈልግ ሁለት ወር ከረምኩ። ገበሬ ነበሩ። (ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቻቸውን አላስፈቀድኩም።)

የጀመርኩት ከወረቀት ነው። አንድ መዝገብ ቤት ሦስቴ ተመላለስኩ። መጀመሪያ "የለም"፣ ቀጥሎ "ነገ ና"፣ በመጨረሻ "የቤተሰቡን ስም አምጣ" አሉኝ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የት አለ? የሰውየው ስም ልጃቸው ላይ ሁለተኛ ነው፣ የልጅ ልጃቸው መታወቂያ ላይ ሦስተኛ። ከዚያ በኋላ ደብዛው ይጠፋል። ስለዚህ ሰነድ ማሳደዱን ትቼ ስማቸውን በሁለተኛነት የያዘ ሰው መፈለግ ጀመርኩ።

የቀናኝ እድር ውስጥ ነው። ጸሐፊው የድሮውን የአባላት መዝገብ አወጡልኝ፤ ስም ከነአባት፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ማን መቼ እንዳረፈ። ሁለት ልጆቻቸውን አገኘሁ። አንዷ በሕይወት አሉ፤ ሰማንያ አምስትን ያለፉ እማማ።

እሳቸው ጋም መጀመሪያ ተሳሳትኩ። "በስንት ዓመተ ምሕረት?" እያልኩ አደከምኳቸው። "እኔ እሱን አላውቅም ልጄ" ይሉኛል። ኋላ ላይ "በታኅሣሥ ግርግር አግብተው ነበር?" ስላቸው ፊታቸው በራ። "የበኩር ልጄን አርግዤ!" አሉ። ግርግሩ 1953 ነው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን በጣልያን ጊዜ፣ በልጆች ዕድሜና በሠርግ ቆጠርነው።

ከሳጥናቸው አንድ ፌስታል አወጡ። ውስጡ ዳዊት፣ በዳዊቱ መሃል ደግሞ ደጋግሞ የታጠፈ የግብር ደረሰኝ አለ። እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። "ጋሻ" እና "ለም ጠፍ" የሚሉት ቃላት ይነበባሉ። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው፤ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ደግሞ ግብር የሚተመንባቸው የመሬት ደረጃዎች ነበሩ። "ባለርስት ነበሩ ማለት ነው!" አልኩ። እማማ ሳቁብኝ።

"ስሙን አንብበው እስቲ።"

ስሙ የሌላ ሰው ነው።

"መሬቱ የሰው ነው። አባዬ ጭሰኛ ነበር። ግብሩን የሚያደርሰው ግን እሱ ነው። 'አልከፈልክም' እንዳይሉት ወረቀቱን ሸሸገው።"

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያጣኋቸው ለካ ለዚህ ነው። ስለ መሬቱ የተጻፈው ሁሉ በባለመሬቱ ስም ነበር። እኔ ደግሞ የመንገዱን ስም ይዤ ነው የምጠይቀው። አሁን ብጀምር መጀመሪያ ባለመሬቱ ማን ነበር እላለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን ባለመሬትነቱ ቀረ። ማሳውን ከዓመታት በኋላ ከተማው ዋጠው። የጭሰኛው ስም የተረፈው በአንድ ነገር ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሰው በእርሻቸው ጠርዝ ያልፍ ነበር፤ አላጠሩበትም። "በእነ እገሌ በኩል እንሂድ" ሲባል ስም ሆኖ ቀረ።

ጥርጊያው ዛሬ አስፋልት ነው። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ሁሌ ይገርመኝ ነበር። እማማን ጠየቅኳቸው፤ የባቄላው ማሳ ጥግ ነበር አሉኝ።