ዲፕ ዋተር ለምን እንዳናደደኝ

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ዲፕ ዋተርን አየሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ፊልም፣ ቤን አፍሌክና አና ደ አርማስ ባልና ሚስት ሆነው የሚሰሩበትን። መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁት እዚህ ጋ አቁሙ።

ብዙ ነበር የጠበቅኩት፣ ዳይሬክተሩ ኤድሪያን ላይን ነዋ! ፌታል አትራክሽንን የሰራው ሰውዬ፣ 20 ዓመት ያህል ጠፍቶ የተመለሰው በዚህ ነው፣ ታሪኩም ከፓትሪሺያ ሃይስሚዝ እ.ኤ.አ. የ1957 ልቦለድ የተወሰደ ነው።

ቪክ የድሮን ቺፕ ሰርቶ ሀብታም የሆነ፣ ቤቱ ቀንድ አውጣ የሚያረባ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሚስቱ ሜሊንዳ ደግሞ አይኑ እያየ ከወንዶች ጋር ትሆናለች። ከዛ ቪክ ከወንዶቹ አንዱን ጠጋ ብሎ ከአንተ በፊት የነበረውን የገደልኩት እኔ ነኝ ይለዋል። እውነቱን ነው ወይስ ሊያስፈራራው? እዚህ ጋ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ሲገኝና ሜሊንዳ ሰው ሁሉ ፊት አንተ ነህ የገደልከው ብላ ስትጮህበት ደግሞ በቃ አሁን ጀመረ አልኩ።

አልጀመረም። ትንሽ ቆይቶ ቪክ ሌላኛውን የሜሊንዳ ሰውዬ ጫካ ወስዶ በድንጋይ ሲገድለው ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል፣ ከዛ በኋላ ምኑን ልጠራጠር? ጎረቤቱ ደራሲ ቪክ አስከሬኑን ሲደብቅ ያየውና በመኪና ሲሸሽ ቪክ በሳይክል ይከተለዋል፣ ሰውዬው እየነዳ ቴክስት ሲጽፍ ገደል ይገባል። ያን ሁሉ ሰዓት የጠበቅኩት ለዚህ ነው?

ልቦለዱ ላይ ቪክ መጨረሻ ላይ ሚስቱን ገድሎ ይያዛል። ፊልሙ ይሄን መቀየሩ አይደለም ያናደደኝ፣ ሜሊንዳን መርሳቱ ነው። ትዳር ውስጥ ጥርጣሬ ማለት እኮ ባልሽ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ሲያስቀምጠው ሆድሽ የሚረበሸው ነገር ነው፣ አጠገቡ ተኝተሽ ትንፋሹን እያዳመጥሽ የሚነጋው ሌሊት ነው፣ ካሜራው መቆየት የነበረበት እዛ ነበር። ሜሊንዳ ጫካ የተገደለውን ሰውዬ የኪስ ቦርሳ ራሷ ቀንድ አውጣዎቹ ጋ ታገኘዋለች፣ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፣ ከዛ መታወቂያውን አቃጥላ ከገዳዩ ጋር ትቀራለች። ፈርታ ነው? ወዳው ነው? እንዴት እዛ እንደደረሰች የሚያሳይ አንድ ትዕይንት እንኳን አልሰጧትም።