ኖራ ጨምሬ እግራቸውን ያጣሁት ጫጩቶች (የሦስተኛ ዙር ውሎ)

120ዎቹ ሳሶ የሚባለው የዶሮ ዝርያ ጫጩቶቼ ዛሬ 45 ቀን ሞሉ። ዘጠኙን አጥቻለሁ። ሰባቱን የወሰደብኝ በሽታ አይደለም፤ እግራቸው ተጣሞ መኖና ውሃ ጋ መድረስ አቅቷቸው ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

በ12ኛው ቀን የጫጩት መኖ አለቀብኝና ቤት ካለው የእንቁላል ጣይ መኖ ሰጠኋቸው። አጥንታቸው ይጠንክር ብዬም የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ጨመርኩበት። በ19ኛው ቀን አንዷ ማነከስ ጀመረች። ይዤ ስዳስሳት መገጣጠሚያዋ አብጧል፤ ከኋላው የሚያልፈው ወፍራም ጅማት ከቦታው ወጥቶ ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ ከዚያ በታች ያለው እግሯም ወደ ውጭ ዞሯል። አጥንቱ ግን ጠንካራ ነበር። የካልሲየም ወይም የቫይታሚን ዲ እጥረት ቢሆን አጥንቱና ምንቃሩ እንደ ጎማ ይለመጥ ነበር። ይህን ስላልለየሁ አራት ቀን ሙሉ ኖራውን ጭራሽ አበዛሁት።

የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ «የማንጋኒዝ እጥረት ይመስላል» አለኝ፤ ማንጋኒዝ በመኖ ውስጥ በጥቂቱ የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። ኮሊን የሚባለው ቫይታሚን ሲያንስም እንዲሁ ይሆናል፤ የእኔን መኖ ሲሰማ ግን ኖራውን ጠረጠረ። የጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው፤ ለጫጩት 1 በመቶ ገደማ ይበቃል። ካልሲየምና ፎስፈረስ ሲበዙ ማንጋኒዝ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማንጋኒዝ ይህን የእግር ችግር እንደሚከላከል ያሳዩት በ1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ገና አሁን መስማቴ አንገብግቦኛል።

ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ 60 ሚሊግራም ያህል ማንጋኒዝ ትፈልጋለች። በቆሎ በኪሎ 7 ገደማ ብቻ ነው ያለው፤ የስንዴ ፉርሽካ ግን ከ100 ያልፋል። በቆሎ የበዛበት መኖ ያለ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) አያዋጣም የሚባለው ለዚህ ነው።

በ23ኛው ቀን ኖራውን አቁሜ ወደ ጫጩት መኖ መለስኳቸው፤ ፉርሽካም ጨመርኩ። ፕሪሚክሱን መጀመሪያ ከሁለት ኪሎ ፉርሽካ ጋር አሽቼ ከዚያ ወደ ዋናው መኖ አዋህዳለሁ፤ እንደዚያ ካልተደረገ አንዷ ብዙ፣ ሌላዋ ምንም ታገኛለች። ከ30ኛው ቀን ወዲህ አዲስ የምታነክስ የለችም። አንዴ የተንሸራተተ ጅማት ግን በማዕድን አይመለስም። የቀሩትን አራት አንካሶች ለብቻ አድርጌ ውሃውን አጠገባቸው አኑሬላቸዋለሁ፤ እየበሉ ነው።