ዜማው ሳይሆን አካሄዱ

አቀናባሪዎቹ ብራምስና ቤቶቨን አብረው በተነሡ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፦ የብራምስ አንደኛ ሲምፎኒ ማሳረጊያ ዜማ የቤቶቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ይመስላል። ብራምስ ይህን ሲነግሩት «ይህንማ ማንም አህያ ያየዋል» አለ ይባላል። መልሱ ቁጣ ብቻ አይመስለኝም። የዜማ መመሳሰል ላይ ላዩን ያለ ዝምድና ነው፤ ትልቁ ውርስ ጆሮ ቶሎ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው።

ለዚህ የብራምስን አንደኛ የፒያኖ ኮንቸርቶ (1859) የመጨረሻ ክፍል ከቤቶቨን ሦስተኛ ኮንቸርቶ የመጨረሻ ክፍል ጎን ዘርግቶ ማየት ይበቃል። ሁለቱም ሮንዶ (ዋናው ዜማ እየተመለሰ የሚሄድ ቅርጽ) ናቸው፤ ሁለቱም በ2/4፣ በየባሩ (በየመስፈሪያው) ሁለት ምት። ፒያኖው ብቻውን ይጀምራል፣ ከ8 ባር በኋላ ኦርኬስትራው ይቀበለዋል። መሐል ላይ ቤቶቨን ከሲ ማይነር (ጠቆር ካለ ቁልፍ) ወደ ኤ ፍላት ሜጀር (ፈካ ወዳለ ቁልፍ) ይሻገራል፤ ብራምስ ከዲ ማይነር ወደ ቢ ፍላት ሜጀር። ርቀቱ ያው ነው። ከዚያ በሁለቱም ባለክር መሣሪያዎቹ ፉጋቶ (አንዱን ዜማ ተራ በተራ እየተቀባበሉ የሚደራርቡበት ቦታ) ይከፍታሉ፤ መዝጊያውም በሁለቱም ሜጀር ነው። ሆኖም አንዱን እየሰማ ሌላውን የሚያስታውስ አድማጭ ጥቂት ነው።

በዚህ መንገድ የራሱን ሙዚቃ መጻፍ ለሚፈልግ አንድ ክፍል ብቻ መርጦ ባሮቹን መቁጠር፤ በየስንተኛው ባር ምን እንደሚሆን፣ በየትኛው ቁልፍ፣ ማን እንደሚጫወት በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ። ከዚያ ኖታውን መክደን። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ነው፤ ኖታው ተከፍቶ ከቀረ የሌላው ሰው ሪትም ሳይታወቅ ወደ ገጹ ይገባል። ሌላው ችግር የራስ ዜማ በጣም ሙሉ ሆኖ መምጣቱ ነው። ሮንዶ ላይ ዜማው ደጋግሞ ይመለሳል፣ ይቆራረጣልም፤ በጠንካራ ካደንስ (የሐረግ መዝጊያ) የተዘጋ ረጅም ዜማ ሲቆርጡት የሚሠራበት ፍርፋሪ አይሰጥም። ስለዚህ ፉጋቶውን ከመግቢያው በፊት መሞከር ይሻላል። የባር ቁጥርንም እንዳለ መገልበጥ አይሆንም። ቴምፖው ከዘገየ ያው 300 ባር ይሰለቻል፤ የሚለካው ደቂቃው ነው።

አንደኛው ሲምፎኒ ላይ ብራምስ ብዙ ቆይቷል። የመጀመሪያውን ክፍል፣ ዝግ ያለው መግቢያ ገና ሳይኖረው፣ በ1862 ለፒያኒስቷ ወዳጁ ለክላራ ሹማን ልኮላታል፤ ሥራው በካርልስሩኸ የቀረበው በ1876 ነው። ከሲ ማይነር ወደ ሲ ሜጀር የሚሄደው መንገድ የቤቶቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ነው። ትሮምቦኖቹን እስከ መጨረሻው ክፍል ዝም ማሰኘቱም እንደዚያው። መሐሉን ግን ለውጦታል፦ በስኬርዞ (ፈጣን ክፍል) ፈንታ ለስላሳ አሌግሬቶ (መጠነኛ ፍጥነት ያለው ክፍል) አስገባ፤ የአራቱ ክፍሎች ቁልፎችም ሲ፣ ኢ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ ናቸው፣ እያንዳንዱ ከቀጣዩ በሜጀር ሦስተኛ (በአራት ግማሽ ድምፅ) የራቀ። መነሻና መድረሻን ተበድሮ መሐሉን የራስ ማድረግ ብልህ ውሳኔ ይመስለኛል። ሁለተኛው ሲምፎኒ በዓመቱ ደረሰ።

ሹበርት በ1824 የጻፈው ኦክቴት (የስምንት ተጫዋቾች ሥራ) ላይ ይህን ሁሉ መደበቅ አላስፈለገውም፤ የቤቶቨንን ሴፕቴት (የሰባት ተጫዋቾች ሥራ) 6 ክፍሎች ይዞ ሁለተኛ ቫዮሊን ጨመረ።

ለመዋስ አስቸጋሪው የቤቶቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ነው። አቀናባሪው ብሩክነር በትሬሞሎ (ባለክሮቹ ድምፁን በፍጥነት እያንቀጠቀጡ) ሲጀምር ከዚያ መቅዳቱ ግልጽ ነው፤ ከእሱ በኋላም ብዙዎች ትሬሞሎውን ብቻ አንሥተው ሄደዋል። ቤቶቨን ጋ ግን የሚሠራው ትሬሞሎው አይደለም። የሚሰማው ኤ እና ኢ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ድምፅ ስለሌለ ሜጀር ይሁን ማይነር አይለይም፣ መልሱም እስከ 17ኛው ባር ይዘገያል። በዚያ ትሬሞሎ ላይ ሙሉ ኮርድ ያስቀመጠ ሰው ጥያቄውን ገና ሳይጠይቅ መልሶታል።