ሞምባሳ ከባሕሩ ጀርባ፤ በአንድ «ሁለት ሰዓት» ያከሰርሁት ቀን

አባቴ ባሕር አይወዱም። ጡረታ እስኪወጡ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ኬንያ፣ ወደቧ ከተማ ሞምባሳ እንሂድ ስላቸው «አሸዋ ላይ ልታሰጣኝ ነው?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ሚስዮናዊው ክራፍ የኖረበትን፣ ከሞምባሳ ወጣ ብሎ ያለውን ራባይን ላሳይዎት ነው» ስላቸው ግን ሻንጣቸውን ከእኔ ቀድመው አዘጋጁ። ይህን የምጽፈው ራባይን እንደሚገባ ስላላሳየኋቸው ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስትደርሱበት ትፈርዳላችሁ፤ እኔ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

ጉዞው ራሱ ችግር የለውም። ከናይሮቢ በባቡር ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የአራዊት መጠበቂያውን ጻቮን ሲያቋርጥ ዓይናችሁን ከመስኮቱ አትንቀሉ፣ ዝሆን ይታያል። ፍተሻው ረጅም ስለሆነ ጣቢያው ቀድማችሁ ድረሱ። በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና በስልክ የሚከፈልበትን ኤም-ፔሳ ክፈቱ። በቃ።

ስለ አሮጌው ምሽግ፣ ስለ ፎርት ጂሰስ፣ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በጠዋት ግቡ። አስጎብኚዎች ከምሳ በኋላ የሚወስዷችሁ ለእነሱ ስለሚመቻቸው ነው፤ በዚያ ሰዓት ግቢው የጋለ ምጣድ ነው። ምሽጉን ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት ጀመሩ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ የኦማን ዐረቦች በ1696 ከበቡትና በ1698 መጨረሻ ያዙት፤ እንግሊዞች ደግሞ ወህኒ ቤት አደረጉት። አባቴ መድፎቹ አጠገብ ሲደርሱ የክፍል ድምፃቸው ተመለሰ። «በ1498 እዚህ ወደብ የደረሰው ቫስኮ ዳ ጋማ፣ በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ ለእኛ ሊዋጋ የመጣው የክርስቶፎር አባት ነው» እያሉ ቀጠሉ። አጠገባችን የነበሩ የኬንያ ተማሪዎች አማርኛ ባይሰሙም ቆመው አዳመጡ።

ከምሽጉ ጎን ወዳለው አሮጌ ከተማ «ያለ መሪ አትግቡ» ይላሉ። እኛ ብቻችንን ገባን፣ መንገድ ጠፋን፣ ደስም አለን። በአንዱ ጠባብ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ከሰል ላይ ከተጣደ ረጅም የናስ ጀበና ቡና ይቀዳሉ። ሲኒዋ እንደ እኛዋ ሁሉ ጆሮ የሌላት ናት። ቡናው ዝንጅብል እንጂ ስኳር አልነካውም። አባቴ ፉት አሉ፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ ሲኒዋን ዘርግተው በአማርኛ «ቶናውን» አሉ። ሽማግሌው ገባቸው፤ ቀዱላቸው። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ምን ልንበላ ነው ብዬ የሰጋሁትም በከንቱ ነበር፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ምባዚ የሚሉት የርግብ አተርና ማሐምሪ የሚሉት ቦምቦሊኖ መሳይ ነገር ለጾመኛ የተፈጠሩ ናቸው።

ሃለር ፓርክንም አትለፉት። የሲሚንቶ ድንጋይ ተቆፍሮ ያለቀበት ገላጣ ቦታ ነበር፤ ከ1971 ጀምሮ ሸውሸዌ ተክለው፣ የረገፈውን ቅጠል ወደ አፈር እንዲለውጥላቸው ሺህ እግር የሚባለውን ትል ለቀው ነው ጫካ ያደረጉት። ሰው ሁሉ ቀጭኔ ሲያበላ እኔ ትሉን ስፈልግ ዋልሁ።

አሁን ወደ ጉዱ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው፤ «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት የእኛው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት በባዕድ አገር የሥጋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ፈነጠዝሁ። የራባይን መኪና ለማዘዝ ማታ እንግዳ መቀበያው ላይ ከነበረው ልጅ ጋር በእንግሊዝኛ ስንነጋገር ቆይተን፣ ሰዓቱ ላይ ስንደርስ በኩራት «ሳአ ምቢሊ» አልሁት። ሳቀ፣ ስዋሂሊዬን አደነቀልኝ፣ መዝገቡ ላይ «2» ብሎ ጻፈ። ለሾፌሩ 3,000 ሽልንግ ቀብድ ከፍዬ እንቅልፌን ተኛሁ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሁለት ሆነ። ሁለት ተኩል። ሦስት። የጠዋቷ ተረኛ ሌላ ናት፤ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሦስት ጊዜም መዝገቡን አይታ «ተይዟል፣ ይመጣል» አለችኝ። በስንት ሰዓት ብላ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሰዓቱን የነገርሁት እኔ አይደለሁ? ሾፌሩ ስልክ አያነሳም። አባቴ ባርኔጣቸውን ወደ ግራ ጉልበታቸው አዛወሩት። «ይመጣል፣ አትጩህባት» አሉኝ። ጮህሁባት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

አምስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ምንም ሳትል መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችና «2» የሚለውን አሳየችኝ። ቀጥላ በእስክሪብቶዋ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰዓት ጠቆመች። የሰዓቱ አጭር ዘንግ 11 ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ነው ለካ የተጻፈው! በስዋሂሊ የተናገርሁትን ልጁ በእንግሊዝኛ መዝገብ ላይ በቁጥር ብቻ አሰፈረው፤ ሾፌሩም እንደተጻፈው ተረዳው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ያኔ ሌላ መኪና መያዝ ነበረብኝ። ቀብዴ አሳዘነኝና አልያዝሁም። ለ3,000 ሽልንግ ስል የአባቴን ተጨማሪ ሦስት ሰዓት ሸጥሁ። ሾፌሩ ልክ በስምንት ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ፈገግ ብሎ መጣ። «እሱስ ቃሉን አከበረ» አሉ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ከወደቡ የሚወጡት ከባድ መኪናዎች ነው። ማዜራስ ላይ ከዋናው መንገድ እስክንታጠፍ በእግር ብንሄድ የምንቀድም ይመስለኝ ነበር። ራባይ የደረስነው ሙዚየሙ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ክራፍ ከ1839 እስከ 1842 ሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበረ ሚስዮናዊ ነው፤ ወደ ኦሮሞዎች የሚወስደው መንገድ በሰሜን ሲዘጋበት በደቡብ አገኘዋለሁ ብሎ ወደ ሞምባሳ መጣ፤ በ1846 ከጓደኛው ከሬብማን ጋር ራባይ ላይ ሰፈረ። አባቴ ይህን ሁሉ ለተማሪ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ቦታው ላይ ሲደርሱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በጥድፊያ ማለፍ ሆነባቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ይበቃኛል» አሉ። አልበቃቸውም፤ አውቃቸዋለሁ።

ስለዚህ ሰዓት በቁጥር ብቻ አትናገሩ፤ ለጠዋት «አሱቡሂ»፣ ለቀትር በኋላ «ምቻና» ጨምሩበት፤ መዝገቡንም ራሳችሁ አንብቡ። በጣም የምትፈልጉትንም ቦታ እንደ እኔ ለመጨረሻው ቀን አታስቀምጡ።

ባቡራችን ከሰዓት በኋላ ስለነበር በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ወደ ንያሊ ሄደን የክራፍን ሚስት የሮዚንን መቃብር አየን። ሞምባሳ በደረሱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሐምሌ 1844፣ አራስ ሳለች ነው የሞተችው፤ ሕፃኗም አልተረፈችም። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የመጀመሪያ ልጃቸውንም በምፅዋ በኩል በረሃ ላይ ነው የቀበሯት» አሉኝ። «ስሟን ምን እንዳላት ታውቃለህ? እንባ። በአማርኛ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወሩም። የባጃጁ ነጂ መጥቶ ወደ ጣቢያ የሚወስደን በስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠይቅ አፌን ከፈትሁ፤ አባቴ በእጃቸው ከለከሉኝና ወደ ሰማይ ቀና ብለው ፀሐይዋ የምትደርስበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩት። በሰዓቱ መጣ።