በማሌ ሰው በቤቱ ይጠራል

የማልዲቭስ ዋና ከተማ የማሌ አውሮፕላን ማረፊያ "ቬላና" ይባላል። የጀግና ስም ይመስላል፤ የቤት ስም ነው። ቬላናጌ የፕሬዚዳንት ኢብራሂም ናስር ቤተሰብ ቤት ነው፤ በአገሩ ቋንቋ በዲቬሂ "ጌ" ማለት ቤት ነው። ማልዲቭስ በፈረንጆቹ 1965 ከእንግሊዝ ጥበቃ ስትወጣ ናስር ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1968 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከ2011 አንስቶ ማረፊያው በራሳቸው ስም ሲጠራ ቆይቶ በ2017 የሰውየው ስም ተነሣና የቤታቸው ገባ።

ከዱባይ የተነሣሁት ለባሕሩ ነበር። ቪዛው እዚያው ሲደርሱ በነፃ ይመታል፤ አገሩም ስለማይከብድ ሰው ስለ ዓሣና ስለ አሸዋ ብቻ እያሰበ ይገባል። እኔን ግን በማግስቱ በማሌ ጠባብ መንገዶች ሞተር ሳይክል እየሸሸሁ ስሄድ ከየበሩ በላይ የተለጠፉት ጽሑፎች ያዙኝ። አብሮኝ የሚሄደው ወጣት አስጎብኚ እያነበበ ይነግረኛል፦ ፊኒፌንማጌ፣ የጽጌረዳ ቤት። አቲሪጌ፣ የባሕር ዳር ቤት። በ1953 ለጥቂት ወራት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሞሐመድ አሚን ዲዲ ከዚህ የአቲሪጌ ቤተሰብ ስለነበሩ እስከ ዛሬ "የአቲሪጌው አሚን ዲዲ" ይባላሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማልዲቭስ ውስጥ ሞሐመድ፣ አሕመድ፣ ኢብራሂም፣ አሊና ሐሰን በየመንደሩ ሞልተዋል። መንገድ ላይ "ሞሐመድ!" ብሎ የሚጣራ ሰው ግማሽ ሰፈር ያዞራል። ስለዚህ መለያው ቤቱ ነው። በቀድሞዎቹ አራት ሰፈሮች፣ ማለትም በሄንቬይሩ፣ በጋሎሉ፣ በማፋኑና በማቻንጎሊ፣ አድራሻ ሲጻፍም የሰፈሩ ምልክት ይቀድምና የቤቱ ስም ይከተላል።

ሁለተኛው ስም እንደኛ የአባት ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የማውሙን አብዱል ጋዩም ሁለተኛ ስም የአባታቸው ነው፤ አዎ። የሌላው የቀድሞ ፕሬዚዳንት የሞሐመድ ናሺድ አባት ግን አብዱል ሳታር ናቸው፤ "ናሺድ" ለልጁ ብቻ የወጣ ስም ነው። ኢብራሂም ናስርም እንዲሁ፣ አባታቸው አሕመድ ዲዲ ነበሩ። መጀመሪያ የነቢይ ወይም የሰሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ስም ይሰጣል፤ ልጁን ከሌሎቹ የሚለየው ሁለተኛው ነው። አስጎብኚዬ የሱንና የእኅቶቹን ሁለተኛ ስም ሲዘረዝርልኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ወላጆች እንዲህ ማዛመድ ይወዳሉ አለኝ። ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን አይለውጡም፤ ይህን በዱባይ የባንክ ቅጽ ላይ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ ሳስብ ደስ አለኝ።

ታዲያ የዲቬሂው ስም የት ሄደ? በ1658 ከባሕር ኮራል ድንጋይ ወደ ተሠራው ወደ ሁኩሩ ሚስኪ፣ ማለትም ወደ አርብ መስጊድ፣ ሄድን። ግቢው መቃብር ነው፤ ጫፉ የሾለው ድንጋይ የወንድ፣ ክብ የሆነው የሴት። ከታሪኩ ሁሉ የቀረልኝ በ1153 እስልምናን የተቀበለው ንጉሥ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ዶቬሚ ይባል ነበር፤ በማዕረጉ ውስጥ "ቲሪቡቫና አዲታ" አለበት፣ የሦስቱ ዓለማት ፀሐይ፤ ምንጩ ሳንስክሪት ነው። እስላም ሲሆን ሞሐመድ ኢብን አብዱላህ ሆነ። የፀሐይ ስም ከነገሥታቱ ቀስ በቀስ ወጣ፤ ዛሬም እሁድን በዲቬሂ ሲጠሩ "አዲታ" ይላሉ። ሥልጣኑን ያጣው ስም በሳምንቱ ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል።

በጀልባ ወደ ማፉሺ ደሴት ስሻገር ነገሩ ሌላ መልክ አገኘ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሚስት ስም መታወቂያዋ ላይ "አይሻት" ብሎ ይጀምራል። አይሻት፣ ፋቲማት፣ አሚናት፦ በዓረብኛ የቀረውን መጨረሻ "ት" ዲቬሂ ይዞ አቆይቶታል፤ ሲናገሩት ግን ይለሰልስና "አይሻይ"፣ "ፋቱማይ" ይሆናል። እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። ሞሐመድን ሙሄ፣ ፋጢማን ፋጡማ ሲሉ የኖረ ጆሮ ይህን ሲሰማ አይደናገርም። ዓረብኛ በየደረሰበት በአፍ ይቀመማል።

ሴትየዋን ግን በመታወቂያዋ ስም የሚጠራት የለም። "ዶንዳይታ" ናት። "ዶን" ነጣ ያለ ማለት ነው፤ "ዳይታ" ታላቅ እኅት፣ የኛ እትዬ። ለወንድ "ዶንቤ" ይሆናል። ከዚህም በላይ ኩዳ (ትንሹ)፣ ቦዱ (ትልቁ)፣ ካሉ (ጥቁሩ) አሉ። ይህ የመንደር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነገሠ ሱልጣን በታሪክ የሚታወቀው "ካሉ ሞሐመድ" ተብሎ ነው። ዲዲ፣ ማኒክ፣ ታኩሩ የሚሉት ደግሞ ዱሮ የማዕረግ ደረጃ ነበሩ፤ በ1573 ፖርቱጋሎችን ያባረረው የኡቲሙ ደሴቱ ሞሐመድ ታኩሩፋኑ ዋናው ምስክር ነው። አሁን ብዙዎቹ እንደ ተራ ስም ይዞራሉ። በእኔ ግምት የዲቬሂ ስም የሚፈለገው መታወቂያ ላይ አይደለም፤ በር ላይና በሰው አፍ ነው።

በሩም ቢሆን እየጠበበ ነው። በመጨረሻው ቀን ባሕሩ ተሞልቶ በተገኘ መሬት ላይ ወደ ተሠራችው ሁሉማሌ ሄድኩ፤ በ2018 የተከፈተው ድልድይ ከማሌ ጋር አገናኝቷታል። ፎቅ በፎቅ ናት፤ ቤቱ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ታክሲ ነጂው እሱ ከድሮም ቁጥር ነው አለኝ። በማሌ ነዋሪነት ተመዝግበው የቤት ስም የሌላቸው ሰዎች "ዳፍታሩ" ከሚባለው መዝገብ ላይ በቁጥር ይሰፍራሉ። የሱም ቤተሰብ ከእነዚያ ነው። ጓደኞቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠየቅኩት።

"ኩዳ" አለ። ሲወርድ እቃዬን ሊያወጣልኝ ጎንበስ አለ፤ ቁመቱ ከመኪናው ጣሪያ በጣም ይበልጣል።