ቤዝ ተጫዋች የሌለውን ባንድ ቤት ውስጥ ሚክስ ሳደርግ የሳትኩት

ሁለት ጊታር፣ ድራምና ድምፃዊ ይዛችሁ፣ ቤዝ ተጫዋች ሳይኖራችሁ ቤት ውስጥ የቀረጻችሁትን ሚክስ ልታደርጉ (ትራኮቹን አመጣጥናችሁ ልታቀላቅሉ) ከሆነ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ያልተቀረጸ ድምፅ በኢኳላይዘር፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ፣ አይመጣም። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ ላይ ነው፤ የቤዝ ጊታሩ ደግሞ 41 ላይ። ጊታሩ ከ82 በታች የሚሰጠው ኖታ የለም። እኔ ግን 60 ሄርዝን 6 ዴሲቤል ከፍ አድርጌ ቤዝ እጠብቅ ነበር። ከፍ ያለው የወለሉ ርግጫ፣ የማይክ መቆሚያው ንዝረትና እዝዝ የሚለው የኤሌክትሪክ ድምፅ ብቻ ነው።

ቀረጻው ራሱ አያስቸግርም። 48 ኪሎ ሄርዝ፣ 24 ቢት፣ ጫፉ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ። የጊታሩ ማይክ ከአምፕሊፋየሩ ስፒከር ሁለት ሦስት ጣት ይራቅ፣ ከመሀል ወደ ጠርዝ ፈቀቅ ይበል። አንዱ ጊታር ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ንጹሑን የጊታር ሲግናል፣ አምፕሊፋየር ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በሌላ ትራክ አለመቅዳቴ ነው። አንድ ተጨማሪ ገመድ ነበር የሚፈልገው። ከጊታር ቤዝ ለማውጣት ኖታውን አንድ ኦክታቭ (ሄርዙን በግማሽ) ዝቅ የሚያደርገው ኤፌክት በትክክል የሚሠራው አንድ ንጹሕ ኖታ ሲያገኝ ነው። ዲስቶርሽን (ሻካራ ድምፅ) የገባበት ኮርድ ስትሰጡት ሥሩ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተውና ይንገዳገዳል፣ ውኃ እንደሚጉመጠመጥ ሰው ይሆናል። ስለዚህ የኮርዶቹን ሥር ብቻ፣ አንድ አንድ ኖታ፣ በአንገት በኩል ባለው ፒክአፕ፣ የቶን ቁልፉን እስከ ግማሽ ዘግቼ፣ በኦክታቭ ፔዳል እንደገና ማስቀረጽ ነበረብኝ።

ያበላሸሁት ከዚህ በኋላ ነው። ይህን በፔዳሉ የተቀረጸ አዲስ ወፍራም ትራክ ስጨምር ዘፈኑ ይከብዳል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ላላ። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ሲመታ ያ ደረት የሚነካው ጉልበት የለም። የዘገየው ኪኩ መሰለኝና የኪክ ማይኩን ትራክ ብቻውን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ያው ኪክ ከላይ በተሰቀሉት ማይኮችም፣ በስኔር ማይኩም ገብቷል። አንዱን ብቻ ስታንቀሳቅሱ ሞገዶቹ እርስ በርስ መበላላት ይጀምራሉ፤ ያኔ ድራሙም አብሮ ይሳሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ የሳሳውን በኮምፕረሰር (ጎልቶ የሚወጣውን ድምፅ በሚጫነው መሣሪያ) ላወፍር ብዬ ይበልጥ አደቀቅኩት።

ጥፋቱ የፔዳሉ መዘግየት ነበር። ኖታውን ዝቅ ለማድረግ መጀመሪያ መስማት አለበት፣ ለዚያም ጊዜ ይወስዳል። «ሶፍትዌሩ መዘግየቱን ራሱ ያስተካክላል» የሚለው ምክር እውነት የሚሆነው መዘግየታቸውን በትክክል ለሚያሳውቁ የውስጥ ፕለጊኖች (ሶፍትዌሩ ውስጥ ለሚሠሩ ኤፌክቶች) ብቻ ነው። በገመድ የተያያዘ ፔዳልን አያውቀውም። አለካኩም ቀላል ነው፦ የጊታሩን ሲግናል ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው በፔዳሉ በኩል ወደ ኢንተርፌሱ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ወደሚያስገባው መሣሪያ) ይግባ። ክሩን በመዳፍ አፍናችሁ አንዴ ምቱ። ሁለቱን ሞገዶች አጉልታችሁ ስታዩ በመነሻቸው መካከል ያለው ርቀት መዘግየቱ ነው። የእኔ 22 ሚሊ ሰከንድ ወጣ፣ በ48 ኪሎ ሄርዝ 1056 ሳምፕል። ወፍራሙን ትራክ ያን ያህል ቀድሞ እንዲጀምር ስስበው ኪኩና ኖታው አንድ ላይ ወደቁ። ድራሙን ወደነበረበት መልሱት። ከዚያ ሚክሱን ሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ) አድርጋችሁ የወፍራሙን ትራክ ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ፣ መልሱ፤ የቱ ይበልጥ እንደሚሞላ ጆሯችሁ ይወስን።

«ጊታርን ሁልጊዜ ከ100 ሄርዝ በታች ቁረጥ» የሚለው ምክርም አናዶኛል። ያ ቤዝ ላለው ባንድ ነው። ወፍራም ትራክ ካልጨመራችሁ ወለሉ ጊታሩ ነው፤ ከታች ስትቆርጡት መቁረጫው ከ70 አይለፍ። ከጨመራችሁ ደግሞ ወፍራሙን ትራክ ከ200 በላይ፣ ጊታሮቹን ከ90 በታች ለስለስ ባለ፣ በኦክታቭ 12 ዴሲቤል በሚወርድ ተዳፋት ቁረጡ። ወፍራሙ ትራክ መሀል ላይ፣ ሞኖ ይቀመጥ። ኮምፕረሰሩ 4 ለ 1፣ አታክ (መጫን የሚጀምርበት ጊዜ) 30፣ ሪሊዝ (የሚለቅበት) 100 ሚሊ ሰከንድ፣ ቅነሳው 5 ወይም 6 ዴሲቤል።

ከኪኩ ጋር የሚጋጨው እንደ ዘፈኑ ኖታ ነው። ዘፈኑ ኢ (E) ላይ ከሆነ ወፍራሙ ትራክ 41 ላይ ይተኛል፣ ኪኩ 60 ላይ ይመቸዋል። ኤ (A) ላይ ከሆነ ግን ኖታው 55 ነው፣ ከኪኩ ጋር ይገፋፋል። ያኔ ኪኩን ወደ 75 አካባቢ አጉሉት፣ 55 ላይ 3 ዴሲቤል ቀንሱለት።

የስልክ ስፒከር 41 ሄርዝ አያወጣም። ወፍራሙን ትራክ ኮፒ አድርጉ፣ ሳቹሬሽን (ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን) ጨምሩበት፣ ከ150 በታችና ከ800 በላይ ቆርጣችሁ ከሥር ቀላቅሉት። የ41 ብዜት የሆኑት፣ 164 እና 205 ላይ ያሉት ተከታዮቹ ድምፆች ሲሰሙ ጆሮ የጎደለውን ሥር ራሱ ይሞላዋል።

ክፍሉም ያታልላል። 3.4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 50 ሄርዝን ግድግዳው ጋ ያሳብጣል፣ መሀሉ ላይ ይውጠዋል። እኔ መሀል ተቀምጬ ስለነበር 50ን ደጋግሜ ጨመርኩት፤ በሌላ ቦታ ሲሰማ ሁሉም ያጉረመርም ነበር። ከፊት ግድግዳው የርዝመቱን ሲሶ ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ፣ ስለ ወፍራሙ ድምፅ የምትወስኑትን ግን በሄድፎን አረጋግጡ።

መጠኑን ስትወስኑ ወፍራሙን ትራክ ዝጉት፣ ክፈቱት። ሲዘጋ ዘፈኑ ካልጎደለ አንሷል። ሲከፈት ራሱን ችሎ ከተሰማ በዝቷል፣ 2 ዴሲቤል አውርዱት።