ጅማ መሃል ከተማ፦ ንጣፉ ከመምጣቱ በፊት ስለ ውሃው እንነጋገር

ስለ መሃል ከተማ ልማት ውይይት ሲጠራ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የማታ ነው። መብራቱ በርቷል፣ ንጣፉ ያብረቀርቃል፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ጅማ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና መስከረምን ይሻገራል። ስለ ሰፈሮቿ ስለ መርካቶም ሆነ ስለ ፈረንጅ አራዳ ወይም ስለ አዌቱ ወንዝ ዳርቻ የሚቀርብ ዕቅድ ሁሉ በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው በየት በኩል ይሄዳል?

ይህን የሚያስገድደው የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ ነው። ከኮረብታው የሚነሳ ጎርፍ ማረፊያው ታች ያለው መሃል ከተማ ነው። አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ጊልገል ጊቤ ወንዝ ይወርዳል። መርካቶ ውስጥ ዲች (የመንገድ ዳር የውሃ ማፍሰሻ ቦይ) የገባ ባዶ ሃይላንድ መንገዱ ይኸው ነው፤ እዚያ ካልደረሰ ደግሞ መሃል ላይ ዲቹን ዘግቶ ቀርቷል ማለት ነው።

ዲቹ ጠባብ ስለሆነ ነው የሚሞላው የሚለውን ንግግር በየስብሰባው እንሰማለን። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ርዝመቱ 200 ሜትር የሆነ መንገድ እንውሰድ። አስፋልቱ፣ የእግረኛ መንገዱና ከግራ ከቀኝ ወደ መንገዱ የሚያፈስሱት ጣሪያዎች ተደምረው 32 ሜትር ቢሰፉ 6,400 ካሬ ሜትር ይሆናል። በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ እዚህ ላይ 192,000 ሊትር ይጥላል፤ በሰከንድ ከ100 ሊትር በላይ ነው። ግራና ቀኝ ላሉት ሁለት ዲቾች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 50 ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። በድንጋይ የተገነባ፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በየ100 ሜትሩ 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ዲች ግን በሰከንድ 300 ሊትር ገደማ ማሳለፍ ይችላል። ለራሱ መንገድ ውሃ ከበቂም በላይ ነው።

ታዲያ ለምን ይሞላል? አንደኛ፣ ውሃው ዲቹ ውስጥ ስለማይገባ። በከርብ ስቶኑ (አስፋልቱን ከእግረኛ መንገዱ በሚለየው የጠርዝ ድንጋይ) ላይ የሚተወው የውሃ መግቢያ አንዳንዴ ጡጫ እንኳ የማያስገባ ነው፤ አንድ ፌስታልና ጥቂት ቅጠል ይዘጋዋል። መግቢያው ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት በየ15 ወይም 20 ሜትሩ ቢደጋገም፣ አንዱ ሲዘጋ ቀጣዩ ይቀበላል። ሁለተኛ፣ የላይ ሰፈር ውሃ ሁሉ አንድ ዲች ላይ ስለሚጫን። አሥር መንገድ ያፈሰሰውን ውሃ ታች ያለ አንድ 60 በ60 ዲች አይችለውም። ታች ያለው መስፋት አለበት፤ አለዚያ ከላይ የሚመጣው ተጠልፎ በሌላ መስመር ወደ አዌቱ መውረድ አለበት። ሦስተኛው ምክንያት ክዳኑ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

የዲች ክዳን ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያየው እንደ መራመጃ ብቻ ነው። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ ክብደቱ 230 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ለማንሳት ስድስት ሰው ወይም ማሽን ይጠይቃል፤ ስለዚህ አይነሳም፣ ዲቹም አይጠረግም። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ወደ 92 ኪሎ ይወርዳል፤ ሁለት ጎበዝ በሁለት የብረት መንጠቆ ብድግ ያደርገዋል። ለዚህ ሲባል ክዳኑ ሲሞላ ሁለት ቀዳዳ መተው አለበት፤ ከፕላስቲክ ቧንቧ የተቆረጠች ቁራጭ ኮንክሪቱ ውስጥ ማቆም ይበቃል። ፌሮው፣ ማለትም ኮንክሪቱን የሚያጠናክረው ብረት፣ የት እንደሚቀመጥም ጠይቁ። ክዳኑ ላይ ሲረገጥ የሚሳበው የታችኛው ገጹ ነው፤ ስለዚህ ፌሮው ከታች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን አለበት። መሃል ላይ ወይም ከላይ ከተቀመጠ የመጀመሪያው የጭነት መኪና ጎማ ለሁለት ይሰብረዋል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ተተክሎ ወራት ያልፋሉ። በኮንክሪት ፋንታ የብረት ፍርግርግ ይሁን ከተባለ ደግሞ በማጠፊያ ተበይዶ መያዝ አለበት፤ ልቅ የሆነ ብረት ቁራሌው ጋ ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የከፍታ ጉዳይ ነው። ባለሱቅ የሆናችሁ ሁሉ ዕቅዱ ሲመጣ ልትጠይቁት የሚገባው፣ የተጠናቀቀው የእግረኛ መንገድ ከሱቃችሁ ደፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚያልፍ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። እኩል ከሆነ ውሃ ይገባል፤ ከበለጠማ ሱቁ ጉድጓድ ሆነ ማለት ነው። አሮጌው አስፋልት ሳይፋቅ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደረብበት፣ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ የከርብ ስቶኑን 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። መንገዱ ታደሰ ተብሎ ሲመረቅ ሱቁ የሚጥለቀለቀው በዚህ ምክንያት ነው። የእግረኛ መንገዱ ራሱ ወደ አስፋልቱ በኩል በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ማዘንበል አለበት፤ 3 ሜትር ስፋት ካለው 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በውሃ ልክ ማየት የማንም ሰው ሥራ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ውሃ ልኩን አስቀምጦ፣ ዝቅ ባለው ጫፍ በኩል ያለውን ክፍተት በሜትር መለካት ብቻ ነው።

አፈሩም ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፍ ባለው በኩል ቀይ አፈር ነው፤ ዝቅ ባሉት ሰፈሮች ዋልካ አለ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ላዩ ላይ የተነጠፈው ሁሉ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በሰሌክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) ተተክቶ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ መምጣት አለበት። ግማሽ ሜትሩን አንድ ጊዜ ደፍቶ ላዩን በሮሎ መዳመጥ የላዩን ብቻ ያጠነክራል፤ ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል፣ ንጣፉም በሁለተኛው ክረምት ይሰረጉዳል። አፈሩ ለመጠቅጠቅ መድረሱን ለማወቅ በእፍኝ ጨብጦ መክፈት ነው። ቅርጹን ይዞ ከቆየና ሲሰበር ሳይፈረፈር ለሁለት ከተከፈለ ደርሷል። በጣት መሃል ጭቃ ካፈተለከ ረጥቧል፤ ከፈረሰ ደርቋል። ሥራው ሚያዝያ ላይ ሲጀመር የሚበላሸው ለዚህ ነው፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቷል፣ ምንም ቢጠቀጠቅ አይጠነክርም። ለጅማ የመሬት ሥራ ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ጨረታው በክረምት ካላለቀ ያ ጊዜ ያመልጣል፤ ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳውን መጠየቅ የነዋሪ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው።

ኮብልስቶን ለሚነጠፍባቸው የውስጥ መንገዶች አንድ ነገር ብቻ ልበል። ድንጋዩ የሚቀመጠው 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ነው፤ አሸዋውን የሚይዘው ደግሞ የጠርዙ ድንጋይ ነው። ጠርዙ በኮንክሪት ካልታሰረ ዝናቡ አሸዋውን ከጎን ያወጣዋል፣ ድንጋዩም አንድ በአንድ ይላቀቃል።

ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት በየመሻገሪያው ሥር ባለ 110 ሚሊ ሜትር ባዶ የፒቪሲ ቱቦ ሦስት ሦስት ቢቀበር ከተማዋ ለብዙ ዓመታት ታመሰግናለች። የውሃ መስመርም ይሁን የኤሌክትሪክ ወይም የኢንተርኔት ገመድ በእነሱ ያልፋል፤ አዲስ ንጣፍ በስድስት ወሩ አይቆፈርም። ተቆፍሮ የተመለሰ ቦታ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ የሚመልሰው ሰው ጉድጓዱን ሳይጠቀጥቅ ሞልቶ ላዩን በሲሚንቶ ይለስነዋልና።

አሁን ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚሄደው፣ ስለ በረንዳ። ይህች ከተማ የተወለደችው ከገበያ ነው። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡን ነጋዴ ሁሉ የሚሰበስብ ነበር። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንኳ ሰፊ ሰገነት ያለው የእንጨት ቤት ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ሰው ተጠልሎ የሚቆምበትና የሚነጋገርበት ቦታ ከቤቱ ውስጥ ባልተናነሰ አስፈላጊ እንደሆነ የገባቸው ሰዎች የሠሩት ነው። በመርካቶና በፈረንጅ አራዳ የቀሩት አሮጌ ሱቆች በረንዳም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ዶፍ ሲወርድ ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ ከገጠር ማር ይዞ የመጣው ሰው፣ ጀበና ቡና የምታፈላው እናት እዚያ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ስለ ቡና ዋጋ የሚወራውም እዚያው ነው። አሮጌው ቤት ፈርሶ ፊቱ መስታወት የሆነ ሕንፃ ሲተካ፣ የሚጠፋው ይህ ጥላ ነው። አዲሱ ሕንፃ ውበት ቢኖረውም ለመንገዱ ምንም አይሰጥም፤ እኔ ይህን ትልቅ ጉዳት አድርጌ ነው የማየው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በዋና ዋና መንገዶች ላይ የሚሠራ ሕንፃ ከመንገዱ እኩል ያለው ወለሉ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ላይኛው ፎቅ በምሰሶ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ባለቤቱ የላይ ቦታውን አያጣም፤ መንገዱ ደግሞ የተሸፈነ መተላለፊያ ያገኛል። ነገር ግን የአንዱ በረንዳ ከጎረቤቱ በረንዳ ጋር እኩል ካልሆነ ነገሩ ይበላሻል። አንዱ 15፣ ቀጥሎ ያለው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ደረጃ በደረጃ ይሆናል፤ ሽማግሌና ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። የወለሉን ከፍታ ማዘጋጃ ቤት ለመንገዱ በሙሉ አንድ አድርጎ መወሰን አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 1.80 ሜትር የሚረዝም ራምፕ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያጠረው ለጌጥ ነው።

ባጃጅ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። አንዱ 2.6 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አሥሩ ሲሰለፍ በመሃል ካለው ክፍተት ጋር 30 ሜትር ነው። ያ 30 ሜትር ከመንገዱ ገባ ብሎ ካልተሰጠው ሰልፉ የእግረኛ መሻገሪያው ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ቅጣትና ጭቅጭቅ። ለመንገድ ዳር ነጋዴም የእግረኛ መንገዱ 3.5 ሜትር በሚሰፋበት ቦታ 1.5 በ1.5 ሜትር ምልክት ተደርጎ ቢሰጥ፣ ለአላፊው 2 ሜትር ይቀራል። ዛፍን በተመለከተ፣ ዘንባባ ጥላ አይሰጥም፤ ዋንዛ ይሰጣል። ጉድጓዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ ከዲቹ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ፤ ሥሩ ግንቡን ይገፋልና።

ለውይይቱ ስትሄዱ ወሬ ሳይሆን ልክ ይዛችሁ ሂዱ። ዶፍ በወረደ ማግሥት ውሃው በግድግዳው ላይ የደረሰበትን ጠርዝ በጠመኔ አስምሩ፣ ከደፉ ጀምራችሁ ለኩ፣ ሜትሩ እየታየ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ። አምስት ጎረቤታሞች ይህን ካደረጉ ማንም መሐንዲስ ችላ ሊለው አይችልም። ስብሰባው ሐሙስ ወይም ዓርብ እኩለ ቀን እንዳይሆን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሐሙስ ነጋዴው ገበያ ላይ ነው፣ ዓርብ ሕዝቡ ጁምዓ ላይ ነው። እዚያ ስትደርሱ የማታውን ሥዕል ሳይሆን የመንገዱን ቁርጥ ንድፍ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። መንገዱ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ነው፤ ዲቹ፣ ክዳኑ፣ ከርብ ስቶኑና የሱቃችሁ ደፍ ከነከፍታቸው እዚያ ላይ አሉ። ጥያቄያችሁ ከእነ ቁጥሩ በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታረጋግጡ አትውጡ። «ነዋሪው ስለ ጎርፍ አስተያየት ሰጥቷል» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም። «የእግረኛ መንገዱ ከሱቁ ደፍ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተጠይቋል» ከተባለ ግን በኋላ የሚያዝ ነገር አለ።

ጠረጋው መቼና በማን እንደሚሆንም እዚያው ይወሰን። የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ፣ ዲቹ አዌቱ ከመግባቱ በፊት የሚቆመው የቆሻሻ ማስቀሪያ ብረት ደግሞ ከእያንዳንዱ ዶፍ በኋላ። 200 ሜትር ዲች ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ደለል ካለ 24 ሜትር ኩብ ነው፤ ለሲኖትራክ ሁለት ጉዞ። መኪናው ሳይዘጋጅ ጠረጋ አይጀመር፤ ዳር ላይ የተከመረ ጭቃ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ሥራው አልቆ ርክክብ ሲደርስ ደግሞ በደረቅ ቀን ውሃ የሞሉ ጥቂት በርሜሎች በመኪና ይምጡ። ላይ ጫፍ፣ መሃልና ታች ክዳን ይነሳ። ውሃው ከላይ ይለቀቅ፣ ሕዝቡም ዳር ዳሩን አብሮት ይውረድ። ውሃው የቆመበት ቦታ ላይ ክዳኑ በቀይ ቀለም ይቀባ፤ ፊርማው ቀዩ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ይፈረማል።